ሕሊናን መመዘን፤ የሳይኮፓቲ ጥናትና የመመዘኛው ታሪክ

መግቢያ

«ሕሊና ቢስ» የሚለው ቃል በአገራችን ንግግር ስድብ ነው። የተናደደ ሰው ይናገረዋል፤ ቁጣው ሲበርድም ይረሳዋል። በምዕራብ አገሮች ግን ከዚህ ጋር የሚቀራረብ አንድ ሐሳብ ከስድብነት ወጥቶ የሕክምና ቃል ሆነ፤ ከዚያም አልፎ በቁጥር የሚሰፈር ልኬት ለመሆን በቃ። ቁጥሩም በፍርድ ቤት ይነበባል። እስረኛው እንዲፈታ ወይም ዕድሜውን በወህኒ እንዲጨርስ፣ አንዳንድ ጊዜም በሞት እንዲቀጣ ምክንያት ሆኖ ቀርቧል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሳይኮፓቲ የተባለው ሐሳብ ከየት ተነሥቶ እንዴት ወደ ቁጥር እንደ ደረሰ በአጭሩ መተረክ፣ በተለይም የካናዳውን የሥነ ልቡና ሊቅ የፕሮፌሰር ሮበርት ሄርን ሥራ መመርመር ነው። ጥያቄያችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሊቃውንት እየተለያዩ ሲናገሩበት የኖሩትን ነገር ሁለት መርማሪዎች ተስማምተው ሊለኩት የቻሉት እንዴት ነው? ሁለተኛ፣ ለምርምር የተሠራ መለኪያ በዳኛ ፊት ሲቀርብ ምን ያህል ሊታመን ይገባዋል? በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስተውል እንለምናለን።

የሐሳቡ አመጣጥ

እስከ 18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ በብዙዎቹ የአውሮጳ ሐኪሞችና የሕግ ሰዎች ዘንድ እብደት ማለት የማስተዋል መታወክ ነበር። እብድ የሚባለው ሰው የሌለውን የሚያይ፣ ያልተባለውን የሚሰማ፣ ሐሳቡ የተዘበራረቀበት ነው። ይህን አስተያየት ከተቃወሙት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ ፈረንሳዊው ፊሊፕ ፒኔል (1745–1826) ናቸው። ፒኔል በ1801 ባሳተሙት መጽሐፋቸው፣ ማስተዋሉ ሳይናወጥ ጠባዩ ብቻ የሚናወጥ በሽተኛ እንዳለ ገለጡ። ለምሳሌም የአንድ ባለጸጋ ታሪክ ጻፉ። ሰውዬው ለእናቱ ብቸኛ ልጅ ነበረና የፈለገው ሁሉ እየተፈጸመለት አደገ። ቁጣ ባልያዘው ጊዜ ርስቱን በሚገባ የሚያስተዳድር፣ ለድኻም የሚመጸውት ሰው ነበር። በመጨረሻ ግን ያስቀየመችውን አንዲት ሴት አንሥቶ ከውኃ ጉድጓድ ወረወራት፤ ስለዚህም ቢሴትር በተባለው ቤት ለዘለዓለም እንዲዘጋበት ተፈረደ። ፒኔል የጠየቁት ጥያቄ ይህ ነበር፤ አእምሮው ካልተዛባ ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው?

በ1835 እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ካውልስ ፕሪቻርድ ለዚሁ ዓይነት ሁኔታ «ሞራል እብደት» የሚል ስም ሰጡ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ «ሞራል» የሚለው ቃል ግብረ ገብን ብቻ ሳይሆን ስሜትንና ፈቃድን ጭምር ያመለክት ነበር። ስለዚህ ፕሪቻርድ ከገለጧቸው በሽተኞች ብዙዎቹ ክፉዎች ሳይሆኑ በኀዘን ወይም በደስታ ብዛት የተናወጡ ሰዎች ነበሩ። በኋላ የመጡት አንባቢዎች ቃሉን በጠባቡ ትርጉም ስለ ወሰዱት፣ የሕክምናው ስም ከሥነ ምግባር ፍርድ ጋር ተደባለቀ። ይህ መደባለቅ እስከ ዛሬ ድረስ አልጠራም።

በ1876 ጣሊያናዊው ቼዛሬ ሎምብሮዞ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ፤ እርሱም በራስ ቅሉና በመልኩ ይታወቃል ብለው ጻፉ። ሐሳባቸው በብዙ አገሮች ተሰማ። ይሁን እንጂ ቻርልስ ጎሪንግ የተባሉ እንግሊዛዊ የወህኒ ቤት ሐኪም 3,000 ያህል እስረኞችን በመለካት ከሌላው ሕዝብ ጋር ካስተያዩ በኋላ፣ በ1913 እንዲህ ያለ የተለየ መልክ እንደሌለ አስታወቁ። ክፋትን በመልክ ለማወቅ የተደረገው ሙከራ በዚህ ዐይነት ከሸፈ።

«ሳይኮፓት» የሚለው ቃል ራሱ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ መነሻ ትርጉሙ የነፍስ ሕማም ማለት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ኮኽ ከ1891 ጀምሮ ሲጠቀሙበት ከሙሉ እብደት የማይደርሱትን የጠባይ ጉድለቶች ሁሉ ለማመልከት ነበር። በ1923 ኩርት ሽናይደር ዐሥር ዓይነት ሳይኮፓቶችን ዘረዘሩ። በእርሳቸው አነጋገር ሳይኮፓት ማለት በጠባዩ መለየት ምክንያት ወይ ራሱ የሚሠቃይ ወይም ኅብረተሰቡን የሚያሠቃይ ሰው ነው። እንግዲህ እስከዚህ ጊዜ ድረስ ቃሉ እጅግ ሰፊ ነበር፤ ፈሪውም፣ ትካዜ የሚያበዛውም፣ ጨካኙም በአንድነት ይገቡበት ነበር።

የዶክቶር ክሌክሊ መጽሐፍ

ቃሉን አጥብበው ዛሬ ለምናውቀው ትርጉም ያበቁት በአሜሪካ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር፣ በኦገስታ ከተማ ያስተምሩ የነበሩት ሐኪም ሃርቪ ክሌክሊ (1903–1984) ናቸው። በ1941 ያሳተሙት መጽሐፍ ስሙ «የጤነኛነት ጭምብል» እንደ ማለት ነው። ክሌክሊ የገለጧቸው ሰዎች አብዛኛዎቹ ነፍሰ ገዳዮች አልነበሩም። ከመልካም ቤተ ሰብ የተወለዱ፣ ንግግራቸው የሚማርክ፣ ፈተናም ቢሰጣቸው የሚያልፉ ነበሩ። ነገር ግን ይዋሻሉ፤ ዕዳቸውን አይከፍሉም፤ ያፈቀራቸውን ሰው ያለ ምክንያት ይጥላሉ፤ ከተቀጡም በኋላ ያንኑ ጥፋት ይደግማሉ። ሲያዙ የጸጸት ቃል በጥሩ አነጋገር ይናገራሉ፤ በማግሥቱ ግን ጸጸቱ የለም።

ዶክቶር ክሌክሊ ይህን ሲያብራሩ፣ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ቃልና የቃሉ ስሜት ተለያይተዋል ብለዋል። በአማርኛ ከአንገት በላይ የምንለው አነጋገር ሐሳባቸውን ደኅና አድርጎ ይገልጠዋል። ሰውዬው «አዝናለሁ» የሚለውን ቃል ያውቃል፤ የት እንደሚነገርም ያውቃል፤ ግን ከአንገት በታች አይወርድም። መጽሐፉ በኋለኞቹ እትሞች ዐሥራ ስድስት ምልክቶችን ይዘረዝራል። ሆኖም ከዐሥራ ስድስቱ ስንቱ ሲሟላ ሰው ሳይኮፓት እንደሚባል አይናገርም። ያ ለእያንዳንዱ ሐኪም አስተያየት የተተወ ነበር።

ከወህኒ ቤት ወደ ምርምር ክፍል

ሮበርት ሄር በ1934 በካናዳ፣ በአልበርታ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። በ1960 በኒው ዌስትሚንስተር ከተማ በሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ወህኒ ቤት ብቸኛው የሥነ ልቡና ባለሙያ ሆነው ስምንት ወር ያህል ሠሩ። ስለ ወንጀለኞች ጠባይ የተለየ ትምህርት አልነበራቸውም። በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ተረኩት፣ ሥራ በጀመሩበት ቀን ወደ ክፍላቸው የገባው የመጀመሪያው እስረኛ ቢላዋ አውጥቶ አሳያቸው፤ በሌላ እስረኛ ላይ ሊጠቀምበት እንዳሰበም ነገራቸው። ሄር ነገሩን ለሹማምንቱ ሳይገልጡ ቀሩ። እስረኛውም ይህን እንደ ድክመት ቆጥሮ፣ ከዚያ በኋላ አንዱን ውለታ ከሌላው እያስከተለ ሲያስቸግራቸው ቈየ። ለሳይንሱ ታሪክ የሚጠቅመው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የተማረ መርማሪ እንኳ በንግግር ብቻ ሰውን ለማወቅ ቢሞክር በቀላሉ ይታለላል።

ሄር የዶክቶርነት ማዕርጋቸውን በ1963 ከተቀበሉ በኋላ በቫንኩቨር ወደሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ከእርሳቸው በፊት በ1957 አሜሪካዊው ዴቪድ ላይከን አንድ ጠቃሚ ሙከራ አሳትመው ነበር። ተፈታኞቹ ብዙ ምርጫዎች ያሉበትን መንገድ በመሣሪያ ላይ እንዲማሩ ይደረጋል፤ ከስሕተቶቹ አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ ንዝረት ያስከትላሉ። ሳይኮፓት የተባሉት ትክክለኛውን መንገድ እንደ ሌሎቹ ተማሩ፤ ንዝረት የሚያስከትሉትን ስሕተቶች ግን እንደ ሌሎቹ አልሸሹም። ሄር ደግሞ በ1965 ባወጡት ሥራ፣ ከ1 እስከ 12 የሚደርሱ ቁጥሮች በተራ ለእስረኞች እንዲታዩ አደረጉ፤ 8 ሲደርስ ንዝረት እንደሚመጣ አስቀድመው ይነግሯቸዋል። በሌላው ሰው እጅ ላይ ቁጥሩ ወደ 8 ሲጠጋ ላብ ይጨምራል፤ መሣሪያውም ይህን ይመዘግባል። በሳይኮፓቶቹ ላይ ይህ የፍርሃት ምልክት ዘግይቶ የመጣና አነስተኛ ነበር። ወደፊት የሚመጣ ቅጣት ያላስፈራው ሰው ከቅጣት ትምህርት ሊያገኝ የማይችለው ለምን እንደሆነ ሙከራው ጥቂት ብርሃን ሰጠ።

መዘርዝሩ እንዴት ተሠራ

ይሁን እንጂ አንድ መሠረታዊ ችግር ነበር። በዚህ ከተማ ያለው ተመራማሪ «ሳይኮፓት» ብሎ የመረጠው እስረኛና በሌላ ከተማ የተመረጠው አንድ ዓይነት ሰው ለመሆናቸው ማስረጃ የለም። ማስረጃ ከሌለ የአንዱን ጥናት በሌላው መመርመር አይቻልም። በጊዜው ይሠራበት የነበረው መንገድ እስረኛው ራሱ በጽሑፍ ጥያቄዎችን እንዲመልስ ማድረግ ነበር። ሄር እንደ ጻፉት ግን፣ አንድ እስረኛ የታወቀውን የሚኔሶታ የጠባይ ፈተና ከነማረሚያው በእጁ አስገብቶ፣ ሌሎች እስረኞች ምን መመለስ እንደሚገባቸው በክፍያ ይመክራቸው ነበር። ለሐሰተኛ ሰው «ትዋሻለህን?» የሚል ወረቀት መስጠት ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ሄር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሌላ መንገድ ፈለጉ። በ1980 ባለ 22 ነጥብ መመዘኛ አወጡ፤ ይህንኑ በ1985 አሻሽለው ወደ 20 ነጥብ አወረዱት። የተሻሻለው መዘርዝር በ1991 ለባለሙያዎች ታተመ፤ ሁለተኛው እትም በ2003 ወጣ። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። መርማሪው ከእስረኛው ጋር ረዥም ቃለ ምልልስ ያደርጋል፤ ከዚያም የፍርድ ቤቱን፣ የወህኒ ቤቱንና የቤተ ሰቡን መዝገብ ያነባል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው ሁሉ፣ አዲስ ሰው ፊት የቀረበ ጮሌ ራሱን እንደፈለገ ሊያከብር ስለሚችል፣ ያለ መዝገብ ነጥብ መስጠት አይፈቀድም። ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ ጠባይ ከሌለ 0፣ በከፊል ካለ 1፣ በግልጽ ካለ 2 ይሰጠዋል። ስለዚህ ከፍተኛው ድምር 40 ነው። በሰሜን አሜሪካ 30ና ከዚያ በላይ ያገኘ ለምርምር ሳይኮፓት ተብሎ ይቈጠራል፤ በአውሮጳ ብዙ ጊዜ ወሰኑ ወደ 25 ዝቅ ይላል። በሰሜን አሜሪካ የወንድ እስረኞች አማካይ ነጥብ 22 ገደማ ነው።

ከሃያዎቹ ነጥቦች አብዛኛዎቹ በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባሉ። የመጀመሪያው ክፍል ሰውዬው ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነትና ስሜቱን ይመለከታል፤ ለምሳሌ ለስላሳ አንደበት፣ ትዕቢት፣ ውሸት፣ ማታለል፣ ጸጸትና ርኅራኄ ማጣት። ሁለተኛው ክፍል አኗኗሩን ይመለከታል፤ ለምሳሌ ችኩልነት፣ በሌላ ሰው ላብ መኖር፣ ከልጅነት የጀመረ ጥፋት፣ የአመክሮ ግዴታን ማፍረስ።

ይህ ልዩነት ትልቅ ጥቅም አለው። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ «ፀረ ኅብረተሰብ ጠባይ» የተባለውን ሕመም በሚታዩ ድርጊቶች ብቻ ወሰነው፤ ይህም የሆነው ስሜትን መመዘን ያጣላል በሚል ነው። በዚህም ምክንያት ከእስረኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህ ስም ይደርሳቸው ጀመር። በሄር መዘርዝር ግን ወሰኑን የሚያልፉት ከእስረኞች ከ15 እስከ 25 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሌባ ሁሉ ሳይኮፓት አይደለም፤ የሄር ሥራ ይህን በግልጽ ማሳየቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ሁለት የሠለጠኑ መርማሪዎች አንዱን እስረኛ ለየብቻ ሲመዝኑት በምርምር ክፍል ውስጥ የሚሰጡት ነጥብ በጣም ይቀራረባል። የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ ይኸው ነው፤ ስምምነቱ የተገኘው ስለ ሰውዬው ልብ በመከራከር ሳይሆን፣ ስለ ማስረጃው ዓይነትና ስለ ነጥብ አሰጣጡ ደንብ በመስማማት ነው።

መዘርዝሩ በዳኛ ፊት

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። በፍርድ ቤት የወደፊት አደጋን መተንበይ ከመዘርዝሩ በፊት የነበረ ልማድ ነው። በአሜሪካ የቴክሳስ ሕግ፣ ዳኞች የሞት ቅጣት ከመወሰናቸው በፊት ተከሳሹ ወደፊት አደገኛ ይሆን እንደሆነ እንዲመልሱ ያዝዛል። ፖሊስ ገድሏል ተብሎ በተፈረደበት በቶማስ ቤርፉት ጉዳይ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች ሰውዬውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመረምሩ ወደፊት አደገኛ እንደሚሆን መሰከሩ። የሐኪሞቹ ማኅበር ራሱ፣ እንዲህ ካለው የረዥም ጊዜ ትንቢት ከሦስቱ ሁለቱ ስሕተት ነው ብሎ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አመለከተ። ፍርድ ቤቱ ግን በ1983 ምስክርነቱ ይሰማ አለ፤ ቤርፉትም በ1984 በሞት ተቀጣ። ከመስካሪዎቹ አንዱ የነበሩት ዶክቶር ጄምስ ግሪግሰን በ1995 ካልመረመሯቸው ሰዎች ላይ በመመስከራቸው ከማኅበሩ ተሰረዙ።

የሄር መዘርዝር ከዚህ ዐይነቱ ምስክርነት እጅግ የተሻለ ነበር። ነጥባቸው ከፍ ያለ እስረኞች ከተፈቱ በኋላ ወደ ወንጀል የሚመለሱት ከሌሎቹ በበለጠ መሆኑን ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ዐቃብያነ ሕግና የአመክሮ ጉባኤዎች ተቀበሉት። ነገር ግን ከዚህ ላይ ሦስት ችግሮች ተከሠቱ።

የመጀመሪያው የስሕተት መጠን ነው። አንድ ነጥብ በሁለቱም ወገን ወደ 3 ያህል ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ 30 ያገኘው ሰው እውነተኛ ነጥቡ 27 ወይም 33 ሊሆን ይችላል። ተመራማሪው በመቶ ሰዎች መካከል ሲያስተያይ ይህ ልዩነት ይጣፋል፤ በአንድ ሰው ላይ ሲፈረድ ግን አይጣፋም። ደግሞም በ2006 የወጣ ጥናት፣ ሳይኮፓቲ እንደ ቁመት ከጥቂት ወደ ብዙ የሚሄድ እንጂ ሰውን በሁለት ወገን የሚከፍል ግድግዳ እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ አቅርቧል።

ሁለተኛው የመርማሪው አድልዎ ነው። በቴክሳስ በእውነተኛ ጉዳዮች ላይ የተደረገና በ2008 የታተመ ጥናት፣ በመንግሥት የተቀጠሩት መርማሪዎች በተከሳሽ ወገን ከተቀጠሩት ይልቅ ለአንዱ ሰው ከፍ ያለ ነጥብ እንደሚሰጡ አሳየ። ምናልባት ጠበቆች የሚስማማቸውን መርማሪ እየመረጡ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ስለ ነበረ፣ እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2013 ሌላ ሙከራ አሳተሙ። 108 ባለሙያዎች አንድ ዓይነት መዝገብ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ለዐቃቤ ሕግ፣ ግማሾቹ ለተከላካይ ጠበቃ እንደሚሠሩ አመኑ። መዝገቡ አንድ ሆኖ ሳለ ለዐቃቤ ሕግ የሚሠሩ የመሰላቸው ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡ። እንግዲህ በምርምር ክፍል የተገኘው ስምምነት በችሎት አዳራሽ ውስጥ ይላላል ማለት ነው።

ሦስተኛው የስሙ ክብደት ነው። «ሳይኮፓት» የተባለ ሰው በሰሚው ዘንድ ከቁጥሩ የበለጠ ይጠላል። በ2020 በዚህ ጥናት የታወቁ ሊቃውንት ባወጡት የጋራ መግለጫ፣ ሞት በሚያስቀጡ ጉዳዮች ላይ መዘርዝሩ እስረኛው በወህኒ ውስጥ ከባድ የኀይል ድርጊት ይፈጽም እንደሆነ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊተነብይ አይችልም፤ ስለዚህ ለዚህ ተግባር ሊቀርብ አይገባም ብለዋል።

ሊድኑ ይችላሉን?

ከስሙ ክብደት ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ሳይኮፓት አይታከምም የሚለው እምነት ነው። ይህ እምነት የተጠናከረው በ1992 በወጣ የካናዳ ጥናት ነው። በኦንታሪዮ፣ በፔኔታንግዊሺን ሆስፒታል ታክመው ከወጡት መካከል ሳይኮፓት ያልሆኑት ካልታከሙት ይልቅ ተሻሽለው ተገኙ፤ ሳይኮፓት የሆኑት ግን ካልታከሙት የባሰ የኀይል ወንጀል ፈጸሙ። ብዙዎች ከዚህ በመነሣት ሕክምና ይህን ሰው ይበልጥ ያባብሰዋል አሉ።

ሆኖም ሕክምና የተባለው ምን ነበር? ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዚያ ቤት ሕሙማን ኤል ኤስ ዲ የተባለው አእምሮ የሚያናውጥ መድኃኒት ይሰጣቸው፣ ራቁታቸውን በአንድ ክፍል ውስጥ ለቀናት ይዘጋባቸው ነበር። በ2017 የኦንታሪዮ ፍርድ ቤት እነዚህን ዘዴዎች ሥቃይ ማድረስ ናቸው ብሏቸዋል። እንግዲህ ጥናቱ የሚያስረዳው ያ ዓይነቱ አያያዝ እንደሚጎዳ ነው እንጂ፣ ማንኛውም ሕክምና ከንቱ እንደሆነ አይደለም። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር በ1995 የተከፈተው የሜንዶታ የወጣት ጥፋተኞች ማእከል የተለየ መንገድ ይከተላል፤ ቅጣትን ከማብዛት ይልቅ መልካም ጠባይን በየዕለቱ በትናንሽ ሽልማት ያበረታታል። በ2006 በታተመ ጥናት፣ በዚያ የታከሙት የሳይኮፓት ጠባይ የታየባቸው ወጣቶች በሌላ ቦታ ከቈዩት መሰሎቻቸው ያነሰ የኀይል ወንጀል ፈጽመዋል። በዚህ ላይ የላይከንና የሄር የቀድሞ ሙከራዎች ትዝ ይሉናል፤ ፍርሃት የማያስተምረውን ልጅ ሽልማት ሊያስተምረው ይችላል።

የትርጉም ክርክር

በሊቃውንቱ መካከል ያለው ክርክር አላበቃም። ጄኒፈር ስኪምና ዴቪድ ኩክ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ወንጀል የሳይኮፓቲ ውጤት እንጂ ዋና አካሉ አይደለም፤ መዘርዝሩ ግን ያለፈ ወንጀልን እየቈጠረ የወደፊቱን ወንጀል ይተነብያል የሚል ጽሑፍ አዘጋጁ። ፕሮፌሰር ሄር አሳባቸው ተዛብቶ እንደ ቀረበ በመግለጥ በክስ ስላስጠነቀቁ፣ በ2007 ለኅትመት ደርሶ የነበረው ጽሑፍ እስከ 2010 ዘገየ። በመጨረሻ ጽሑፉም የሄር መልስም ታተሙ። የሳይንስ ክርክር በጠበቃ ደብዳቤ ሳይሆን በማስረጃ እንዲፈታ የሚመኝ ሁሉ በመዘግየቱ ያዝናል፤ በመታተሙ ግን ይደሰታል።

ልኬቱን ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ ለሚያስብም ይህ ክርክር ትምህርት ነው። ለምሳሌ «ለስላሳ አንደበት» የሚለው የመጀመሪያ ነጥብ፣ የንግግር ጥበብ በሚከበርበት በእኛ ዐይነቱ አገር ቅኔ ዐዋቂውንና ጨዋታ ዐዋቂውን ሁሉ በጥርጣሬ እንዳያስከስሰው፣ አስቀድሞ በአገሩ ሰዎች መካከል መጠናት ይኖርበታል።

መደምደሚያ

ፒኔል ከጠየቁበት ዘመን ወዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፏል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተገኘው ትርፍ ቀላል አይደለም። ልቅ የነበረው ስም ጠበበ፤ መልክን በመለካት የተጀመረው ስሕተት ተጣለ፤ የግል አስተያየት በደንብ በተሠራ መመዘኛ ተተካ። ለዚህም የፕሮፌሰር ሄር ድካም ዋና ድርሻ አለው።

ነገር ግን መመዘኛው የሚሰፍረው መዝገብን፣ ንግግርንና ድርጊትን ነው እንጂ ሕሊናን ራሱን አይደለም። ለተመራማሪ በቂ የሆነ ቁጥር ለዳኛ በቂ ላይሆን ይችላል። ቁጥሩ በችሎት የሚቀርብ ከሆነ፣ ቢያንስ ለማንም ወገን ባልተቀጠሩ ሁለት መርማሪዎች የተሰጠ ሊሆን፣ የስሕተቱ መጠን አብሮት ሊነገር፣ ሕይወትን ለማጥፋት ግን ከቶ ሊያገለግል አይገባውም ብለን እናምናለን። ርኅራኄ የሌለውን ሰው ለመለየት የተሠራ መሣሪያ ያለ ርኅራኄ ከተሠራበት፣ ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የያዘው እጅ ነው።